«በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» ያልተዘለለበት የወላጆች ሥልጠና

ባለፈው ዐቢይ ጾም ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ደብር የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ልጆችን ያለ ዱላ በክርስቲያናዊ ፍቅር ስለማሳደግ የተሰጠውን የስድስት እሑዶች ሥልጠና ከባለቤቴ ጋር ተከታትለን ጨርሰናል። ክፍያው ለባልና ሚስት በአንድነት 400 ብር ሲሆን፣ በዚሁ ገንዘብ 32 ገጽ ያለው የፎቶ ኮፒ መማሪያ፣ በየሳምንቱ አንድ ስኒ ቡናና እፍኝ ቆሎ ይገኛል። አሠልጣኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ቄስ ናቸው፣ ሁለተኛዋ በጤና ጣቢያ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ሲስተር ናቸው።

የሄድሁት በባለቤቴ ግፊት መሆኑን ካልተናገርሁ አስተያየቴ ሚዛኑን ይስታል። እኔ በአርጩሜ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጎዛምን ውስጥ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ፊደል ስቆጥር፣ የሳትኋት ፊደል ሁሉ ጀርባዬ ላይ ምልክቷን ትታ ታልፍ ነበር። አባቴ ሲያስረክበኝ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ማለቱን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ይህን ያለው በጭካኔ አልነበረም፣ በዚያ ዘመን አንድ አባት ልጁን ለትምህርት የሚሰጥበት ቃል ይኸው ስለነበረ ነው። ዋሸራንና ዲማን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች በበቀሉበት አገር የመምህር አለንጋ ከመምህሩ ክብር ተነጥሎ አይታይም። ስለዚህ «ያለ ዱላ» የሚለውን ማስታወቂያ ሳነብ ከከተማ የመጣ ፈሊጥ መስሎኝ ነበር።

ሥልጠናውን ከጠበቅሁት በላይ ያደረገው ሁለተኛው እሑድ ነው። ቄሱ የጀመሩት ሁላችንም ይዘነው ከመጣነው ጥቅስ ነበር። ምሳሌ 13፥24 ከበትር የሚራራ ልጁን እንደሚጠላ ይናገራል፤ 23፥13 ደግሞ ልጅን ከመቅጣት ቸል አትበል ይላል። «እነዚህ ቃላት በመጽሐፉ የሉም ብላችሁ ከዚህ እንዳትወጡ» ካሉ በኋላ፣ በትር በእስራኤል እረኛ እጅ ምን ይሠራ እንደነበረ ለማስረዳት «በትርህና ምርኵዝህ እነርሱ ያጸናኑኛል» የሚለውን መዝሙር አመጡ። በትሩ አውሬ የሚመለስበት፣ በጎች ሲገቡ የሚቈጠሩበት፣ ገደል ጫፍ የደረሰች በግ የምትመራበት ነው እንጂ በጎቹ የሚደበደቡበት አይደለም ሲሉ፣ ከኋላ ወንበር አንድ መሪጌታ ተነሡ።

«አባቴ፣ ግእዙ እንዲያ አይልም። ‹በትርከ ወቀስታምከ እማንቱ ገሠጻኒ› ነው የሚለው። ገሠጹኝ እንጂ አጸናኑኝ አላለም።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ብዙ አሠልጣኝ በእንዲህ ያለ ጊዜ ወደሚቀጥለው ርእስ ይሸሻል። ቄሱ ግን «መሪጌታ ያሉት ልክ ነው» ብለው ተቀበሉና ጥያቄውን መልሰው ለእርሳቸው ሰጡ፤ ገሠጸ ሲል መታ ብቻ ነው ወይስ መከረ፣ መለሰ፣ አረመም ይላል? ከምሳሌ 25 ጀምሮ ያለውን ክፍል አባቶቻችን ተግሣጽ ብለው የሰየሙት ዱላ ስለሆነ ነውን? መሪጌታው ጥቂት አሰቡና «ቃል ነው፣ ተግሣጽስ ቃል ነው» አሉ። ቄሱም በዚያው መዝሙር ከበትሩ አስቀድሞ ያለውን «አንተ ከእኔ ጋር ነህና ክፉውን አልፈራም» የሚለውን አንብበው፣ ያ የሚገሥጽ በትር ሲመጣ በጉ የማይፈራበትን ምክንያት አስረዱ። ኤፌሶን 6፥4 አባቶችን «በጌታ ምክርና በተግሣጽ አሳድጉአቸው እንጂ አታስቈጡአቸው» የሚለውም ከዚያ በኋላ ሲነበብ፣ ተግሣጽ ከማስቈጣት ተለይቶ መቀመጡን እኔ ያን ቀን ነው ልብ ያልሁት። ይህ የአንድ ሰዓት ክርክር ብቻውን 400 ብሩን ያወጣል።

ሁሉም ማስረጃ ግን በዚህ ደረጃ የቆመ አልነበረም። በትርን ያመሰገነው የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም ሲነግሥ ለሕዝቡ «አባቴ በአለንጋ ገርፎአችኋል፣ እኔ ግን በጊንጥ እገርፋችኋለሁ» ብሎ ዐሥሩን ነገድ ማጣቱን እንደ ማረጋገጫ አቀረቡ። ለጆሮ የጣፈጠ ነው፤ ይሁን እንጂ በአንድ ክፉ ልጅ የአባቱን አስተዳደግ መፍረድ ከተፈቀደ፣ ዔሊም ልጆቹን ስላልገረፈ ጠፉ የሚሉት ሰባክያን ያው መብት አላቸው። ደግነቱ የዔሊን ታሪክ አላለፉትም። አፍኒንና ፊንሐስ በጊዜው በክህነት የሚያገለግሉ ጎልማሶች ነበሩ እንጂ አርጩሜ የሚያርማቸው ሕፃናት አልነበሩም፤ ዔሊም የተወቀሰው ሥልጣን እያለው ከአገልግሎታቸው ስላልከለከላቸው መሆኑን ማሳየታቸው አሳምኖኛል።

ስለ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የተናገሩትም ሐቀኝነት ነበረው። ሊቁ ለወላጆች ሲመክር፣ ዱላ ዘወትር ከሆነ ልጁ ይለምደዋል፣ ከለመደውም ይንቀዋል ብሎ፣ አንዳንድ ጊዜ በዓይን፣ አንዳንድ ጊዜ በሚነካ ቃል፣ ሌላ ጊዜ በየዋህነትና በተስፋ መያዝን ይመርጣል። ቄሱ በዚህ ብቻ አላበቁም፤ ያው አባት ልጁ መመታትን ይፍራ፣ ነገር ግን አይመታ እንዳለም አልደበቁም፤ በዚህም ከእርሳቸው ትምህርት ጋር ሙሉ በሙሉ እንደማይገጥም ተናገሩ። ከአባቶች የሚስማማውን ብቻ ቈርጦ ማቅረብ በተለመደበት ጊዜ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል።

አራተኛው እሑድ የሲስተር ነበር። እኔም ሆንሁ ከጎኔ የተቀመጡት እናት በልባችን የያዝነውን «በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» ራሳቸው አነሡት። ተረቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ልጁ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናት ዝም አለች፣ ከእንቁላል ዶሮ፣ ከዶሮ በሬ እያለ በመጨረሻ ሊሰቀል ሲወሰድ እናቱን ወቀሰ። ሲስተር የጠየቁን አንድ ነገር ነው፤ እናቲቱ ያን ቀን ልጁን ገርፋ እንቁላሉን ጠብሳ ብታበላው ኖሮ ሌብነቱ ይቀር ነበር ወይ? አዳራሹ ሳቀ። ጥፋቷ አለመምታቷ ሳይሆን እንቁላሉን መቀበሏ ነው፤ ቅጣቱም ልጁን እጁን ይዞ እንቁላሉን ወደ ጎረቤት መመለስ ነበር። «መቅጣት» የሚለው ቃላችን ማቅናትንም መምታትንም ጠቅልሎ መያዙ ምን ያህል እንዳሳሳተን ከዚያ ወዲህ አስባለሁ።

ይህን ለመፈተን ብዙ አልቈየሁም። በዚያው ሳምንት የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ከእናቱ ቦርሳ 20 ብር ወስዶ ብይ ገዛ። ከበሩ ላይ ያለችው ወይራ ቅርብ ነበረች፤ እጄም መንገዱን ያውቃል። ተንበርክኬ በቁመቱ ልክ ሆኜ ማናገር እንዳለብኝ ተነግሮኝ ነበርና እንዲያ ሳደርግ፣ ልጁ ልመታው የተጠጋሁ መስሎት ክርኑን አንሥቶ ፊቱን ሸፈነ። ይህን ክርን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ማለት አልችልም፤ ቆሜ ከላይ ስለማየው ነው ያላስተዋልሁት። ብዮቹን በኪሱ ይዞ አብረን ወደ ሱቁ ሄድን። ባለሱቁ ተቀብሎ ብሩን ሲመልስ «አይ ጋሼ፣ ይህን ያህል ከመድከም ሁለት ኩርኩም አይሻልም?» አለኝ። ልጁ መንገዱን ሙሉ አላለቀሰም፤ ብሩን ለእናቱ ሲሰጥ ግን አለቀሰ። ሥልጠናው ልጄን ለወጠው ብዬ በስድስት ሳምንት አልምልም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስጠራው ግን ፈጥኖ ይመጣል።

ድክመቱን በተመለከተ፣ ሕጉን የሚመለከተው ክፍል በሃያ ደቂቃ ተሮጠ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ መሆናቸውን ሲደነግግ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ደግሞ ልጅን ማሠቃየትን እየከለከለ ለወላጅ ተገቢ የሆነ የማረም መብትን ይተዋል። «ተገቢ» የሚባለው እስከ የት ነው? ቁንጥጫ ነው? በርበሬ ማጠን ነው? ሰው ሁሉ ሊጠይቅ እጁን ሲያነሣ ሰዓቱ አለቀ ተባልን፤ በምትኩ ስዊድን በ1979 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በቤትም ጭምር መምታትን ከዓለም ቀድማ መከልከሏን የሚናገር ረጅም ገለጻ ሰማን። ስዊድንን ማወቁ አይጎዳም፣ ነገር ግን የጎረቤታችን ልጅ በበርበሬ ጭስ ሲታፈን ማንን እንደምንጠራ ብንማር ይበልጥ ይጠቅመን ነበር።

ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላቸው ልጆች ያሏቸው ወላጆችም ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት ማለት ይቻላል፤ ምሳሌዎቹ በሙሉ ለሕፃናት ናቸው። ልጅ ደግሞ በእናትና በአባት እጅ ብቻ አያድግም። እኛ ዱላውን ስንጥል አያቱ፣ ሠራተኛዋና አስተማሪው ያነሡታል፤ ስለዚህ ጉዳይ በስድስቱም እሑድ አንድ ቃል አልተነገረም። ከአርባ የማያንስ ሰው መካከል አባቶች አምስት ብቻ መሆናችንም ሐዋርያው «አባቶች ሆይ» ብሎ ለጻፈው ትምህርት የሚያሳፍር ነው፤ ይህ ግን የአዘጋጆቹ ሳይሆን የእኛ ጥፋት ነው።

ለሚመዘገቡ ወላጆች፦ ቀጣዩ ዙር ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ እንደሚጀምር ተነግሯል። መማሪያው ከገጽ 20 በኋላ ቀለሙ ደብዝዞ የማይነበብ ስለሆነ ጥርት ያለ ቅጂ ጠይቁ። የድምፅ ማጉያው ስለሚያፏጭ ከፊት ተቀመጡ፤ ወንበሮቹ እንጨት ናቸውና ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ። ሰዓቱ ዘጠኝ ቢባልም ከዘጠኝ ተኩል በፊት አይጀመርም፤ በሁለተኛው እሑድ ግን አትዘግዩ።