ለሠርግ «ሙሉ ፓኬጅ» ልትገዙ ያሰባችሁ ወንዶች፣ አንዴ ቆዩ

ጥር እየመጣ ነው። የሠርግ ካርዱም፣ «ሚዜ ሁነኝ» የሚለው ስልክም ጀምሯል። ስለዚህ ባለፈው ሚያዝያ እንዴት እንደተበላሁ ልንገራችሁ።

ጓደኛዬ ሊያገባ ነበር። ከሙሽራው ጋር ስድስት ነን። አንድ ዓይነት እንልበስ ተባለና አንዳችን ቴሌግራም ላይ ሱቅ አገኘ። ኮት፣ ሱሪ፣ ሸሚዝ፣ ከረባት፣ ቀበቶ፣ ጫማ፣ ሰዓት ደግሞ በምርቃት። «ሙሉ ፓኬጅ፣ የቱርክ ኦሪጅናል፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። በውስጥ መስመር ስንጠይቅ ለአንድ ሰው 22,000 ብር አሉን። ስድስት ስለሆንን ተከራክረን 19,000 አስገባናቸው። አንድ በአንድ ብንገዛ ከ30,000 አይወርድም ብለን ስላሰላን ደስ አለን።

የሠርጉ ዕለት፣ ሐሰት ምን ያደርጋል፣ ሽክ ብለን ነበር።

መጀመሪያ ያሳፈረኝ ጫማው ነው። በማግስቱ ለመልስ ስንሄድ ካፊያ ያዘን። ማታ ሳወልቀው የቀኙ ሶል ከፊት በኩል አፉን ከፍቷል። ሰፈራችን ላለው ሊስትሮ ወሰድኩለት። ልጁ ጫማውን ገለበጠው፣ ሶሉን ሳብ አደረገና ከውስጥ እርጥብ ግራጫ ነገር በጥፍሩ ቆርሶ አሳየኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ካርቶን ነው።»

«ቆዳ ነው ብለውኝ ነው የገዛሁት።»

«ላዩ ፕላስቲክ፣ ውስጡ ካርቶን። ማስቲሽ ልቀባው እችላለሁ። ግን ማስቲሹ ምኑን ይይዛል?»

ኮቱ ባሰ። ወጥ ፈሶበት ስለነበር ላውንደሪ አስገባሁት። ሲመለስ ደረቱ፣ ከኮሌታው ሥር እስከ ኪሱ ድረስ፣ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቷል። እብጠቱን በጣት ስትጫኑት ይተኛል፣ ስትለቁት ይነሳል። ላውንደሪውን ልጣላ ሄድኩ። ሰውየው ግን ብዙ እንዲህ ያለ ሰው ያስተናገደ መሆኑ ያስታውቃል። ድምፁን እንኳ ሳያነሳ «ከእኛ አይደለም፣ ልብስ ሰፊ አሳየው» አለኝ።

ልብስ ሰፊው አዛውንት ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ገበሩን በምላጭ አንድ ጣት ያህል ተረተሩት። «ልጄ፣ ይሄ አልተሰፋም። ተለጥፏል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮት ደረቱ ላይ ቅርጹን የሚይዘው በላዩ ጨርቅና በገበሩ መሃል ባለ ሌላ ጨርቅ ነው። በደህና ኮት ላይ ይህ መሃለኛ የፈረስ ፀጉር የገባበት ሸራ ነው፤ በክር ይያያዛል። በርካሹ ላይ በሙቀት በሚቀልጥ ሙጫ ይጣበቃል። ሙጫ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በደንብ የተጣበቀ ኮት ዓመታት ያገለግላል፣ ትልልቅ ስም ያላቸውም እንዲያ ይሠራሉ። የኔው ግን የመጀመሪያው ካውያ ሲያርፍበት ለቀቀ።

ሱቅ ስትገቡ ከታችኛው የቁልፍ ቀዳዳ አጠገብ ያለውን ጨርቅ በሁለት እጃችሁ፣ አንዱን ከውጭ አንዱን ከውስጥ፣ ቆንጥጣችሁ ለያዩት። መሃል ላይ ለብቻው የሚንሸራተት ሦስተኛ ጨርቅ ጣታችሁ ላይ ከመጣ ስፌት ነው። የላዩ ጨርቅ ደረቅ ብሎ ከሌላ ጨርቅ ጋር እንደተጋገረ ከተሰማችሁ ሙጫ ነው፤ ዋጋውንም በሙጫ ልክ ተከራከሩ። ሻጩ ቢገላምጣችሁ ይገላምጥ።

ደግሞ «ሱፍ» የምንለው ነገር አለ። እኛ ጋ ኮትና ሱሪ ሁሉ ሱፍ ነው። ልብሱ ከበግ ጋር ተያይቶ ባያውቅም «ሱፍ ለብሶ መጣ» እንላለን። የኔ ኮት እጅጌው ላይ በወርቃማ ክር «ሱፐር 150» የሚል ምልክት ተሰፍቶበታል። ይህ ቁጥር እንዲሁ ለጌጥ የሚጻፍ አይደለም፣ የሱፉን ቅጥነት ነው የሚናገረው። በዓለም አቀፉ የሱፍ ጨርቃ ጨርቅ ድርጅት ደንብ መሠረት ሱፐር 100 ለመባል የፀጉሩ ውፍረት ከ18.75 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፣ ሱፐር 150 ለመባል ደግሞ ከ16.25 መብለጥ የለበትም። ፖሊስተር ሰው ሠራሽ ክር ነው፣ በዚህ ስም አይጠራም። እኔ ኋላ የውስጥ ኪሱን ገልብጬ ሳይ አንዲት ትንሽ ነጭ ጨርቅ አለች፦ ፖሊስተር 80%፣ ቪስኮስ 20%። እዚያው ነበረች። ስድስታችንም አላየናትም። ወርቃማዋን ግን ሁላችንም አይተናል። እንዲያውም እኔ ከእጅጌው ሳልፈታት ነው ሠርጉን የዋልኩት። ከተገዛ በኋላ ተፈትቶ የሚጣል ምልክት መሆኑን የነገሩኝ እኚሁ ሰፊ ናቸው።

መለያው የሌለ ወይም የተቆረጠ ከሆነ ከሱሪው ጥምዝ ውስጥ አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት አቃጥሉት። ሱፍ ፀጉር ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈጫል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠጣር ፍሬ ይሆናል።

ቀበቶው በሁለት ወሩ ቀዳዳዎቹ ጋ መላጥ ጀመረ። የተፈጨ ቆዳ በሙጫ ተጋግሮ ላዩ ፕላስቲክ የተቀባ ነው። ጀርባው ላይ ግን «ጄኒዩን ሌዘር»፣ እውነተኛ ቆዳ፣ ተብሎ ታትሞበታል። የባቲ ፍየል ቆዳ በስሙ የሚፈለግበት ሀገር ተቀምጠን እኛ ይህን እንታጠቃለን። ሰዓቱን ተዉት፣ ምርቃት ነው።

እንዴት ሆኖ ስድስት ሰው ሳያይ ገዛ? አንድ ኮት ለብቻው ብትገዙ ኮቱን ታገላብጡታላችሁ። ሰባት ዕቃ በአንድ ፌስታል ሲመጣ ግን የምታዩት ዋጋውን ነው። እኛ 30,000 ስንል የደህና ጫማና የደህና ቀበቶ ዋጋ ደምረን ነበር። ከረጢቱ ውስጥ የነበረው ግን ሌላ ነው።

ልመልስ ብዬ ሄጃለሁ። ከገዛሁ አሥራ ሁለተኛ ቀኔ ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ይዞ ሄዶ ምትክ ወይም ገንዘብ መጠየቅ እንደሚቻል ይደነግጋል። የሱቁ ልጅ በጣቱ ግድግዳው ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሳየኝ። አዋጁን ስጠቅስለት «ደረሰኝ አለህ?» አለኝ። የለኝም። ስንገዛ «ደረሰኝ ከፈለጋችሁ 15% ቫት ይጨመራል» ሲለን በአንድ አፍ «ተወው» ብለን በአንድ ግለሰብ ስም በቴሌብር ልከናል። 2,850 ብር አተረፍን ብለን እኮ ነው። እናንተ ደረሰኙን ተቀበሉ።

ሌላው በየሰዉ አቅም ነው። ልብሱ ለሚዜነት ብቻ ከሆነ ተከራዩ፣ ነውር የለውም። እኔ አሁን ከሰልባጅ የእውነት ሱፍ የሆነ ኮት አግኝቼ እኚያው ሰፊ በልኬ አስተካክለውልኛል፣ ከሁሉም እሱን እወደዋለሁ። ጫማ ላይ ግን አትሰስቱ፤ መርካቶ እዚሁ ከሚሠራው የቆዳ ጫማ ሶሉን አጥፋችሁ፣ ዳሩን አይታችሁ፣ በቀን ብርሃን ግዙ።

ሱቁ አሁንም አለ፣ ፓኬጁም አለ። ስሙን አልጠራም። ሙሽራው ለጥፎት የነበረውን ፎቶ ወስደው «ደስተኛ ደንበኞቻችን» ብለው ማስታወቂያ አድርገውታል። ከግራ ሁለተኛው፣ እጅጌው ላይ ወርቃማ ነገር የሚያብለጨልጭበት፣ እኔ ነኝ።