አቶርቫስታቲን 80 ሚሊግራም፦ የ8 ወር ተሞክሮ

የልቤ ደም ቧንቧ ጠብቦ ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ከገባልኝ በኋላ ሐኪሜ ያዘዘልኝን አቶርቫስታቲን 80 ሚሊግራም፣ ማታ ማታ አንድ ፍሬ እየዋጥሁ ስጠቀም 8 ወር ሆነኝ። መድኃኒቱ ጉበት ኮሌስትሮል የሚያመርትበትን ኢንዛይም ስለሚገታ፣ ጉበት ጎጂውን ኮሌስትሮል ከደም አብዝቶ ይስባል፤ የእኔም ከ162 ወደ 71 ወርዷል። በቧንቧ ግድግዳ የተጋገረውን ስብ ጠራርጎ ያወጣል ብሎ መጠበቅ ግን ስሕተት ነው፦ ይህንኑ መጠን፣ የዚሁ ዓይነት መድኃኒት ከሆነው ከሮሱቫስታቲን 40 ሚሊግራም ጋር ለ2 ዓመት ያነጻጸረው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ሳተርን የተሰኘ ጥናት፣ ክምችቱ ከቧንቧው የሚይዘው ድርሻ በሁለቱም ወገን የቀነሰው በ1 የመቶኛ ነጥብ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ ስወጣ ጭኔን ያመኝ ነበር፤ የጡንቻና የጉበት ምርመራው ደኅና ስለሆነ ቀጠልሁ። ቅሬታዬ መድኃኒት ቤቱ ባለ 80ው ሲያልቅበት፣ ያለ አንዳች ማብራሪያ ባለ 20 ሚሊግራም ፍሬዎችን ቆጥሮ መስጠቱ ነው።