ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ ከተርባይኖቹ ፊት ለፊት ያለው ምሳ ቤት

አይሱዙ ነጂ ነኝ፤ ምግብ ቤት የምመዝነው በሽሮውና በመኪና ማቆሚያው ነው። እዚህ ሁለቱም ያልፋሉ። ሽሮው በሸክላ እየተንተከተከ ይቀርባል፣ የቃሪያው ስንግ በደንብ የተሞላ ነው። እንጀራው ግን ከሰዓት በኋላ ይደርቃል። መጸዳጃ ቤቱን ባላነሳው ይሻላል።

በረንዳው ላይ ስትቀመጡ የንፋስ ተርባይኖቹ ፊታችሁ ናቸው፤ አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት 102 ተርባይን አላቸው፣ የሁለቱ አቅም በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ነው። ፎቶ ለመነሳት ብቻ የሚመጣም አለ። የምሳ ቤቱ ባለቤት እትዬ፣ ገበያቸው ደርቷልና አይከፉም፤ ሌሊት ንፋሱ ሲበረታ ግን ድምፁ እንቅልፍ ይነሳል ይላሉ።

ጎኔ የተቀመጡት ኦቦ ደግሞ ቡናዬን አስቀዘቀዙት። የተርባይኑ ማማ ራሱ ብዙ መሬት አልወሰደባቸውም፤ ያማረራቸው ወደ ማማው የሚወስደው መንገድ ነው፣ ማሳቸውን ለሁለት ከፍሎታል። ጣታቸውን ቡና ነክረው ጠረጴዛው ላይ ሳሉልኝ። «እዚህ ጋ በሬ አይዞርም። ዳር ዳሩን ቢሄድ ምን ነበረበት? ማን ጠየቀኝ?» ካሳውን ተቀብለዋል፣ አልቋል።

እኔ ማማ አይተከል ባይ አይደለሁም። በበጋ የግድቡ ውሃ ሲቀንስ ንፋሱ ነው የሚደርስልን። ግን መንገዱን ካርታ ላይ ያሰመረው ሰው አንድ ቀን ከገበሬው ጋር ማሳው ውስጥ ቢሄድ ምን ይጎድልበታል?

ለቤቱ ከአምስት አራት ኮከብ። ረቡዕና ዓርብ ከስድስት ሰዓት በፊት ድረሱ፣ በያይነቱ ቶሎ ያልቃል።