በራጅ የማይታየውን አጥንት ያገኘው የድንገተኛ ክፍል

ጣና ዳር ዓሣ ጠብሼ ስለምሸጥ አጥንት የተሰነቀረበት ሰው ማየት ለእኔ አዲስ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አጥንቱ ጉሮሮ ቧጥጦ ያልፋል፤ የሚቀረው ስሜቱ ብቻ ነው። አባቴ ግን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በልተው ከተነሡ በኋላ ምራቃቸውን እንኳ መዋጥ አቅቷቸው ሲተፉ አመሹ። ጎረቤት «ደረቅ እንጀራ ይጉረሱና ይግፉት» ሲል ከለከልሁ፤ ጉርሻው አጥንቱን ይበልጥ ሊሰካው ይችላል። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ራጅ አንሥቶ፣ «ምንም የለም» ብሎ በማስታገሻ መለሰን።

ሕመሙ ሲብስ በማግስቱ ወደ አንድ የግል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወሰድኋቸው። ተረኛዋ ሐኪም ራጁን አይታ በዚያ አልረካችም። የዓሣ አጥንት ብዙ ጊዜ በራጅ አይታይም አለችን። «አባቴ፣ እስቲ ምራቅዎን ይዋጡ፤ የቱ ጋ ነው የሚወጋዎት?» ትኩሳታቸውን ለካች፤ ደረትና ጀርባቸውን ያማቸው እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ በሁለት ጣቷ ከአንገታቸው ሥር እስከ ትከሻቸው ቀስ እያለች ዳበሰች። የምትፈልገው አየር ነበር። የምግብ ቧንቧ ከተበሳ አየር ከቆዳ ሥር ይገባና ሲጫኑት ይንኮሻኮሻል፤ ምራቅና ምግብም ወደ ደረት ሾልኮ ይመረቅዛል። እንደዚህ የሚመረምር እጅ ገንዘብ ቢከፈልበት አያስቆጭም!

እኛ እየጠበቅን ሳለ እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ የሆነ የሪሞት ባትሪ የዋጠ ሕፃን መጣና ከሁላችንም አስቀድመው አስገቡት። የተንጫጫ ሰው ነበር፤ እኔ ግን ደግ አደረጉ እላለሁ። ክብ ባትሪ ቧንቧው ውስጥ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ የሕፃኑ ነገር ወረፋ አይጠብቅም።

የአባቴ አጥንት በሲቲ ስካን ተገኘ፤ ከቧንቧው ላይኛ ክፍል አግድም ተሰክቶ ነበር፤ ቧንቧው ግን አልተበሳም። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ አወጡላቸው፤ ለክትትልም አሳደሯቸው።

የክፍያው ነገር ግን መታረም አለበት። ለእያንዳንዱ ምርመራ ሕመምተኛን ትቶ ወደ ገንዘብ ተቀባይ መሮጥ አድካሚ ነው፤ አስታማሚ የሌለው ሰው ምን ይሁን? ሲወጡ የተሰጣቸው ወረቀትም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ትኩሳት፣ የደረት ሕመም፣ ደም ማስታወክ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያውኑ ተመለሱ የሚለውን ሐኪሟ በቃል ባትነግረን አባቴ ከየት ያነቡት ነበር? ያንን አንድ ገጽ በአማርኛ ያትሙት።