ከኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ ኮንቨርተር፦ ለፊልም አሪፍ፣ ለጽሁፍ እርሷት

ወፍራሙን የድሮ ቲቪ ከላፕቶፕ ጋር ላገናኝ ብዬ ነው ይቺን ትንሽ ሳጥን መርካቶ የገዛኋት፣ እና ለፊልም ከሆነ ምንም አልላትም። ከላፕቶፑ ኤችዲኤምአይ ይገባል፣ በሌላው ጎን ቢጫ ቀይ ነጩ ገመድ ወደ ቲቪው ይሄዳል፣ ድምፁም አብሮ። ፓወር በዩኤስቢ ትፈልጋለች፣ የስልክ ቻርጀር ይበቃታል። ጎኗ ላይ ፓልና ኤንቲኤስሲ (ሁለት የቲቪ ምስል ስርዓቶች ናቸው) የሚል መቀያየሪያ አለ፣ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ወይ ከተንከባለለ ወደ ሌላኛው ግፉት በቃ።

ካርቶኑ 1080ፒ (ባለ 1080 መስመር ምስል) ይላል፣ ውሸት አይደለም፣ መቀበሉን ትቀበላለች የምታወጣው ግን በፓል 576 መስመር ብቻ ስለሆነ የዊንዶውስ ፊደሎች ጉንዳን ነው የሚመስሉት፣ ታስክባሩም ግማሹ ከስክሪን ውጪ ይቀራል። ሰዉም ሁሉ ቀጥኖ ይታያል (ሰፊው የላፕቶፕ ምስል 4 በ 3 ስክሪን ላይ ስለሚጨመቅ)፣ የላፕቶፑን ሪዞሉሽን 1024 በ 768 ሳደርገው ተስተካከለ።

ስትገዙ አቅጣጫውን አንብቡ፣ ከኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይረው በመልክ ቁርጥ እሷን ናት ግን በግልባጩ አትሰራም። ቲቪያችሁ አረንጓዴ ሰማያዊ ቀይ የኮምፖነንት መግቢያ ካለው ደግሞ ይቺን ተዉና ለሱ የሚሆን ኮንቨርተር ፈልጉ፣ ጥራቱ በጭራሽ አይገናኝም።