ደሴ ላይ ለድመት ጥሬ ሥጋና አጥንት ለይቶ የሚሸጥ ሉካንዳ

ይሄን የምጽፈው ደሴ ሆናችሁ ድመት ለምታሳድጉ ነው። ኮምቦልቻና ሐይቅ ያላችሁም ብትመጡ አያስቆጭም፣ ግን ለመንገዱ በረዶ ያዙ። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

የሉካንዳውን ስም አልጠራም። አትጥሪ ያሉኝ ባለቤቱ ሐጂ ራሳቸው ናቸው። «የድመት ሉካንዳ ተብዬ ሰው ይሽሽብኝ ልጄ?» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። ሸዋ በር አካባቢ ነው፣ ይሄ ይበቃል። ድመት ያለው የሰፈሩን ሰው ጠይቁ፣ ያውቃቸዋል።

ከውጭ ሲያዩት እንደማንኛውም ሉካንዳ ነው። በግና ፍየል ይሰቀላል፣ የበሬም አለ። ልዩነቱ ከባንኮኒው ጀርባ ነው። ሌላ ቦታ «ለድመት የሚሆን ስጡኝ» ስትሉ ቅንጥብጣቢ ተብሎ አንድ ፌስታል ይወረወርላችኋል፤ ሞራው፣ ጅማቱ፣ ሳንባው፣ አንዳንዴም ከወለል የተጠረገው ሁሉ አብሮ ነው። አንዴ ከሌላ ቦታ የገዛሁትን ቤት ገብቼ ስፈታው ሽታው ጎረቤት ጠራ። ድመቷ አሸተተችው፣ እግሯን አራገፈችና ሄደች።

ሐጂ ግን ይለያሉ። ልብ ለብቻ፣ ጉበት ለብቻ፣ ኩላሊትና ጣፊያ አንድ ላይ፣ ከአጥንት የተላጠ ቀይ ሥጋ ለብቻ፣ የግልገል ጎድን ጫፍ ለብቻ። ይሄን ቤት ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይሄው መለየታቸው ነው፣ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ብዙ ሰው ጥሬ መመገብ ማለት ሥጋ ቆርጦ መወርወር ይመስለዋል። ድመት አይጥ ስትይዝ ግን ሥጋውን መርጣ አትበላም፣ አጥንቱንም ልቡንም ጉበቱንም አብራ ነው የምትጨርሰው። ቀይ ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ካልሲየሙ አጥንቱ ውስጥ ነው። ሥጋ ብቻ እየተሰጣት የምታድግ ትንሽ ድመት አጥንቷ ይሳሳል፣ ከሶፋ ዘላ ስትወርድ እንኳ ሊሰበርባት ይችላል። ጉበት ደግሞ በዛ ማለት ሌላ ጣጣ ነው። ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ለረጅም ጊዜ ጉበት ጉበት የተሰጣት ድመት የአንገቷ አጥንት እየተጣበቀ መዞር ያቅታታል። ሰው ይሄን አያውቅም፤ ድመቷ ጉበት ስታይ ስለምታብድ ብቻ በየቀኑ ይሰጣታል።

ልብ ግን ስጡ፣ አትሰስቱ። ታውሪን የሚባል ነገር አለው። ድመት በሰውነቷ በበቂ ስለማትሠራው የግድ ከምትበላው ማግኘት አለባት፣ ሲጎድልባት ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። የታውሪን ማነስ የድመትን ልብ እንደሚያደክም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው የታሸገ የድመት ምግብ የሚሠሩት መጠኑን የጨመሩት። ሐጂ ይሄን በዚህ ቋንቋ አይነግሯችሁም። እሳቸው የሚሉት «ልብ የበላች ድመት ዓይኗ ይበራል» ነው። ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ ግን ብዙም አልራቁም።

ጥሬ የሚመግቡ ሰዎች እንደ መነሻ የሚይዙት ልኬት እንዲህ ነው፦ ከመቶ 80 እጁ ሥጋ፣ ልብን ጨምሮ፤ 10 እጁ ታኝኮ የሚበላ አጥንት፤ 5 እጁ ጉበት፤ የቀረው 5 ኩላሊት ወይም ጣፊያ። 4 ኪሎ የምትመዝን ትልቅ ድመት በቀን ከ100 እስከ 150 ግራም ይበቃታል። ለዚህ ነው የተደባለቀ ፌስታል የማይረባው። ውስጡ ስንት ጉበት ስንት አጥንት እንዳለ በምን ታውቃላችሁ?

ሥጋውን ገዝቶ ቤት ማስገባቱ ቀላል ነው፣ አስቸጋሪው ማስለመዱ ነው። ዘዴውን ያገኘሁት ከድመት ሰዎች ሳይሆን ከፌረት አሳዳጊዎች ነው። ፌረት ረጅምና ቀጭን፣ ሸለምጥማጥ ነገር የሚመስል፣ ፈረንጆች ቤት ውስጥ የሚያሳድጉት እንስሳ ነው። ወሎ ውስጥ አንድም አይቼ አላውቅም። ግን ከድመት በላይ የሥጋ እንስሳ ነው። አንጀቱ አጭር ስለሆነ የበላው በ3 ወይም በ4 ሰዓት ውስጥ ያልፋል፣ እህል ለመፍጨት ጊዜም አቅምም የለውም። ደግሞ ምግብ ምን እንደሆነ የሚማረው በመጀመሪያዎቹ የዕድሜው ወራት ነው። በደረቅ ምግብ ያደገ ፌረት ፊት ጥሬ ሥጋ ብታስቀምጡ ምግብ መሆኑ አይገባውም፣ ይረግጠውና ያልፋል። ስለዚህ አሳዳጊዎቹ ሥጋና አጥንቱን አብረው ይፈጩና ለብ ባለ ውሃ አቅጥነው ሾርባ ያደርጉታል። በጣት ከንፈሩ ላይ ትንሽ ይቀቡለታል፣ እሱም አፉን ለማጽዳት ሲልስ ጣዕሙን ይለምዳል። ከዚያ ውሃው ይቀንሳል፣ ቁራጩ ይተልቃል፣ በመጨረሻ ከነአጥንቱ ያኝካል። የለመደውንም ምግብ በአንድ ቀን አይነሱትም፣ አዲሱ ሲበዛ የድሮው እያነሰ ይሄዳል።

የደሴ ድመት ደግሞ የምታድገው በሽሮ እንጀራና በወተት ነው፣ ስለዚህ ችግሩ ያው ነው። የኔዋ ውሮ ጥሬ ልብ ፊቷ ሳስቀምጥላት እኔን ነበር የምታየኝ፣ ምግቡ የት አለ በሚል ዓይን። የሾርባው ዘዴ ሠራ። በነገራችን ላይ ሽሮውም ወጡም ሽንኩርት አለበት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። እናቶቻችን ለዘመናት ሰጥተዋል፣ ምን ሆነች ትሉ ይሆናል። ቢቀርባት ምን ይጎድልባታል?

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙልኝ። «ሲርባት ትበላለች» ብላችሁ እንዳታስርቧት። ለውሻ ሊሠራ ይችላል፣ ለድመት አይሠራም። ድመት ሁለት ሦስት ቀን ሙሉ ካልበላች የሰውነቷ ስብ ጉበቷ ላይ ይከማችና ልትሞት ትችላለች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች። እምቢ ካለች የለመደችውን ስጧትና በማግሥቱ እንደገና ሞክሩ። ከፍሪጅ የወጣውንም እንደቀዘቀዘ አታቅርቡ። ፌስታሉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ ነከር ብታደርጉት ሽታው ይወጣል፣ ድመት ደግሞ የምትበላው በአፍንጫዋ ነው።

ወደ ሐጂ ልመለስ። ጎድን ሲያዘጋጁ ቆማችሁ እዩ። የግልገሉን ጎድን ጫፍ፣ ያን ለስላሳውን፣ ግንዱ ላይ ያጋድሙና በትንሿ መጥረቢያ ጥፍር በሚያህል ይከታትፉታል። ከዚያ በቢላ ጀርባ ይደቁሱታል። ሲጨርሱ በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ስንጥር የሆነውን ይለቅማሉ። ሰልፍ ቢኖርም አይቸኩሉም። ከኋላዬ የቆመ ሰው አንዴ «ሐጂ፣ ለድመት ነው እኮ!» ቢላቸው፣ «ታዲያ ድመት ጉሮሮ የላትም?» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ቅሬታዬ ማሽኑ ላይ ነው። የሥጋ መፍጫ አላቸው፣ ግን አጥንት አያስገቡበትም፣ ጥርሱ ይሰበራል ይላሉ። ይገባኛል፣ ለማስለመጃው ሾርባ ግን የሚያስፈልገው የተፈጨ አጥንት ነው። ቤት ውስጥ በሙቀጫ መውቀጥ አለባችሁ ማለት ነው፣ ያ ደግሞ ክንድ ይፈልጋል። ሁለተኛው ችግር ማቀዝቀዣ ነው። አንድ ፍሪጅ ነው ያላቸው፣ እሱም መብራት ሲጠፋ ቁም ሳጥን ነው። ከሰዓት በኋላ የሄደ ሰው ጠዋት የተቆረጠ ልብ ይደርሰዋል፣ ደሴ ብርድ ስለሆነች እንጂ ኮምቦልቻ ቢሆን አይታሰብም። በረዶ ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው፣ ቁልቁል በወረዳችሁ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል።

ዶሮ የላቸውም። ይሄ ጉድለት አይደለም፣ የበግ ሉካንዳ ነው፣ ግን ለጀማሪ ድመት ከበግ አጥንት የዶሮ ይሻላል። ቤት ዶሮ ሲታረድ አንገቱን፣ የክንፉን ጫፍና እግሩን አትጣሉ። ውሮ አንገት ስትበላ አንገቷን ወደ ጎን ታዘነብላለች፣ በኋላ ጥርሷ ትይዘዋለች፣ ዓይኗን ጨፍና ቅርጭጭ ታደርገዋለች። ጥሬው አጥንት ለስላሳ ነው፣ ይደቅቃል። የተቀቀለው ግን ይደርቅና እንደ መርፌ ይሰነጠቃል፣ አንጀት ይበሳል። ስለዚህ የዶሮ ወጥ አጥንት ለድመትም ለውሻም በፍጹም።

አሁን ወደ ጾሙ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ በፊት የምገዛው ከክርስቲያን ሉካንዳ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ይዘጋል። ጾሙ የእኔ ነው እንጂ የውሮ አይደለም፣ እሷን ምን ልበላት? የሐጂ ቤት ሁዳዴም ረቡዕና ዓርብም ክፍት ነው፣ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ብቻ ለጁምዓ ይዘጋሉ። ድመት ደግሞ በማን እንደታረደ አትጠይቅም። በ2017 ሁዳዴና ረመዳን አንድ ሰሞን ሲገጥሙ ሐጂ የሚከፍቱት ከሰዓት በኋላ ሆነ፣ ወደ አፍጥር ሰዓት ሲጠጋ ግን ሰልፉ አይቻልም ነበር። ገና ሲከፍቱ የደረሰ ተረፈ።

እናቴ በሁዳዴ ጥሬ ሥጋ ቤቷ ሲገባ «ምነው ምን በደልኩሽ?» አለችኝ። የተስማማነው ለውሮ የራሷ ቢላ፣ የራሷ መክተፊያና የራሷ ሳህን ተለይቶ፣ እሱም ደጅ ባለው ቧንቧ እንዲታጠብ ነው። እናቴ ስለ ጾሙ ብላ ነው፣ ግን ጥሬ ሥጋ ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ስለሚይዝና ማቀዝቀዝም ስለማይገድለው፣ ጾም ባይኖርም ማድረግ ያለባችሁ እንደዚሁ ነው። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ቤት ውስጥ እርጉዝ ካለች ደግሞ ጥሬ መመገቡን ባትጀምሩ ይሻላል። ድመት ከጥሬ ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ልትይዝና በዓይነ ምድሯ ልታወጣው ትችላለች፣ ለጽንሱ አደገኛ ነው።

ውሻ ያላችሁ፣ ከዚህ ቤት ሳንባ አትጠይቁ፣ አይሸጡላችሁም። በጎቻችን ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ታውቃላችሁ። ያ የትል እጭ ነው። ውሻ ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ በእጅ፣ በውሃ፣ በአትክልት ወደ ሰው ይገባና ጉበታችን ወይም ሳንባችን ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። በቀዶ ጥገና የሚወጣ ነገር ነው። ሐጂ ከረጢት ያለበትን ይቀብሩታል እንጂ ለማንም አይሰጡም። ደጃቸው የተኮለኮሉትን የሰፈር ውሾች ሳይቀር ያባርራሉ። ይሄን ብቻ ሌሎቹ ቢማሩ! ለውሻችሁ ሥጋውን ቀቅላችሁ ስጡት፣ የትል መድኃኒቱንም ከእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

ዋጋው ሰው ከሚበላው ሥጋ ሩቡን አይሞላም፣ ጉበት ብቻ ወደድ ይላል፣ ለዱለት ስለሚፈለግ። ከጉበት ደግሞ የምትፈልጉት ትንሽ ነው፣ «ለድመት» ካላችሁ ቆንጥረው ይጨምሩላችኋል። ሚዛኑን ለልብና ለሥጋ ይጠቀሙበታል፣ አጥንቱን በእጃቸው ግምት ነው የሚሰጡት፣ ስለዚህ ቤት ሄዳችሁ እንደገና መዝኑ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዷ የማሽኑና የፍሪጁ ናት።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሂዱ፣ ክዳን ያለው የራሳችሁን ዕቃ ይዛችሁ። የአረፋ ሰሞን ግን አትልፉ፣ እሳቸውም ለየሰዉ ቤት እርድ ስለሚሮጡ ሉካንዳው ይዘጋል። ያኔ ከጎረቤት ልብና ኩላሊት ቀድማችሁ ለምኑ፣ ውሻ ሳይቀድማችሁ።