«1500» የተባለው ጉድ፦ ስምንት ወር ከዘጠኝ ስፖንጆች ጋር

የነቃሁት ውኃው ሲቀላ ነው። በ1/24 መጠን የተሠራችውን ቀይ ሞዴል መኪናዬን ይዤ የቀኝ ፓራፋንጎዋን በቀስታ እያሸሁ ነበር፤ ከጣቴ ሥር የሚወርደው ነጭ አረፋ ድንገት ሮዝ ሆነ። አረፋው ነጭ እስከሆነ ድረስ የሚላገው ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ቀለም አልባ ሽፋን) ነው። ቀለም ከያዘ ግን ክሊሩ አልቋል ማለት ነው። እጄን እስካነሳ ደግሞ ቀዩም አልቆ ከሥሩ የተቀባው የፕራይመሩ ግራጫ ብቅ ብሏል። አራት ጊዜ የተረጨ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳልነካው የደረቀ ክሊር በአንድ ደቂቃ ድራሹ ጠፋ።

ይህን የሠራኝ ዕቃ ባለ ዘጠኝ ስፖንጅ ማለስለሻ ነው። ከሸካራው 1500 ተነስቶ 1800፣ 2400፣ 3200፣ 3600፣ 4000፣ 6000፣ 8000 እያለ በጣም ልስልሱ 12000 ላይ ያበቃል፤ ውኃ ውስጥ እየነከሩ ያሹበታል። ከገዛሁት ስምንት ወሬ ነው፣ ሰባት ቦዲ ጨርሼበታለሁ። ስድስቱ ደህና ወጥተዋል፤ ስለ እነሱ የማወራው ብዙ የለኝም።

ጠቡ ከቁጥሩ ጋር ነው። እኔ በብርጭቆ ወረቀት ያደግሁ ሰው ነኝ። 1500 ሲሉኝ ዓይኔ ላይ የሚመጣው የማውቀው ጥቁር የውኃ ወረቀት ነው፤ ቁጥሩ ፊት «ፒ» የተጻፈበት፣ ቅንጣቶቹ 12.6 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ) ገደማ የሆኑት። የክሊርን ብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ገጽ ለማስተካከል በዚያ ቢጀምሩ ማንም አይቆጣም። የዚህ ስፖንጅ 1500 ግን የራሱ ሚዛን አለው። በወረቀቱ ሚዛን ቢለካ 600 ግድም ላይ የሚውል ሸካራ ነገር ነው! በዚያ ስቱኮ ይላጋል፣ ፕራይመር ይስተካከላል፤ ክሊር ላይ ግን ማንም አያስጠጋውም።

«ማሸጊያው ላይ ተጽፏል እኮ» የሚለኝ ሻጭ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተጽፏል፤ ከጀርባ በኩል፣ ማጉያ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል። ከፊት ያለው 1500 ግን አውራ ጣቴን ያክላል። «ቅንጣቶቹ የተቀመጡት በለስላሳ ላስቲክ ላይ ስለሆነ ሲጫኑት ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፣ ጭረቱ ጥልቅ አይሆንም» ይለኝ ይሆናል። እሱስ እውነቱን ነው፣ ጣሪያውና ኮፈኑ ላይ አይቼዋለሁ። ጠርዝ ላይ ምን ይበለኝ? ቀለም ገና እርጥብ ሳለ ከሹል ጠርዝ ስለሚሸሽ ክሊሩ እዚያ ስስ ነው። ስፖንጁ ደግሞ ለስላሳ በመሆኑ ጠርዙን አቅፎ ይይዘውና ስሱ ቦታ ላይ ይበረታል። ልስላሴው ራሱ ነው ጉድ የሠራኝ።

የእኔም እጅ አለበት፣ አልክድም። ዘጠኝ በተራ ተደርድረው ስላየሁ ከአንደኛው መጀመር ግዴታ መሰለኝ። የበሩንና የፓራፋንጎውን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር መሸፈንም ነበረብኝ፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። አሁን ክሊር ላይ ከ3200 በታች አልነካም። ገጹ ደህና ከተረጨ በ3600 ወይም በ4000 እጀምራለሁ። ውኃው ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጨምራለሁ፣ ስፖንጅ በቀየርኩ ቁጥርም አቅጣጫዬን እቀይራለሁ፤ ያለፈው ጭረት መጥፋቱ የሚታወቀው እንዲያ ነው።

ይህን ሁሉ ልፋት የሚያመጣው እኮ የመኪናዋ ትንሽነት ነው። የእውነተኛ መኪና ቀለም ከነክሊሩ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ለ24 ሲካፈል ከ4 እስከ 6 ማይክሮን ይመጣል፤ እንዲያ አሳስቶ የሚረጭ ኤርብራሽ እኔ አላየሁም። ስለዚህ በትልቁ መኪና ላይ ዓይን የማይገባ ጉብታ በትንሿ ላይ ኮረብታ ይሆናል።

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ገንዘቤን አፈር አስበሉት ልል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ያለፈው ቅዳሜ የሠራሁት ጥቁር ኮፈን ነው። ጥቁር ምንም አይደብቅም፤ ፀጉር የምታክል ጭረት እንኳ ታሳብቃለች። 6000፣ 8000፣ ከዚያ 12000፤ ኮምፓውንድ የሚሉትን ማንጸባረቂያ ቅባት ገና ሳልቀባው የጠረጴዛው መብራት ከነአምፖሉ ኮፈኑ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። በወረቀት ስሠራ 2500 ላይ ደርሼ የቀረውን ሁሉ በኮምፓውንድ እታገል ነበር፤ ክንዴ እስኪዝል። ደግሞም ወረቀት ሁለት ቦዲ ሳይጨርስ ይሞታል። እነዚህ ሦስቱ ግን በሳሙና ውኃ እየታጠቡ ስምንት ወር ሙሉ አሉ፣ ዳራቸው ብቻ ትንሽ ተልጧል። ከ1800 እስከ 2400 ያሉት ማሸጊያቸው ውስጥ እንዳሉ ናቸው ማለት ይቻላል።

ባያልቁ ደስ ይለኛል፣ ካለቁም እገዛቸዋለሁ፤ ሻጩ ግን ስለ ቁጥር አያውራኝ። 1500ውን ስቱኮ ሳጥን ውስጥ ወርውሬዋለሁ፣ እዚያ ሙያ አለው። ቀይዋ መኪና መደርደሪያ ላይ ቆማለች፣ የቀኝ ጎኗን ወደ ግድግዳ አዙሬ። እንደገና እንዳልረጫት ያ ቀይ ከሦስት ቀለም በጥብጬ ያወጣሁት ነው፣ ልኩን ደግሞ አልጻፍኩትም።